ማይክ ሳትነኩ አረንጓዴ ነጥብ ከበራ

«ከማንም ጋር እያወራሁ አይደለም፣ ስክሪኔ ጥግ ላይ ግን አረንጓዴ ነጥብ ይበራል። ተጠልፌ ይሆን?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ሰሞኑን ተራው የኔ ሆነ፤ ያውም ግራፊንኦኤስ የተባለውን ለደህንነት ትኩረት የሚሰጥ አንድሮይድ የጫንኩበት ፒክስል ላይ። ብዙ ሰው በድንጋጤ መጀመሪያ የሚያደርገው ስልኩን ፎርማት ማድረግ ነው። እሱ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጠፋው ማስረጃውን ነው።

ነጥቡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው አንድሮይድ 12 ጋር ነው። አንድ አፕ ማይክ ወይም ካሜራ ሲከፍት ምልክቱ ከላይ በቀኝ በኩል ብቅ ይልና ወዲያው ወደ ነጥብ ያንሳል። አይፎን ለማይክ ብርቱካናማ፣ ለካሜራ አረንጓዴ ያሳያል። አንድሮይድ ላይ ግን ሁለቱም አረንጓዴ ስለሆኑ ነጥቡን በማየት ብቻ መለየት አይቻልም።

ነጥቡን የሚያበራው ሲስተሙ ስለሆነ ተራ አፕ ሊደብቀው አይችልም። በአንጻሩ ሲስተሙ ራሱ ከተነካካ ነጥቡም አይታመንም። እሱን ከመጠርጠራችሁ በፊት ግን ተራውን ምክንያት አጣሩ፤ ቅደም ተከተሉ ይኸው።

1. ነጥቡ በርቶ ሳለ ስልኩን ሪስታርት አታድርጉ። ከላይ ወደ ታች ሳቡና ምልክቱን ንኩት። ማይኩን አሁን የያዘውን ወይም ገና የለቀቀውን አፕ በስም ይነግራችኋል።

2. ካመለጣችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ፕራይቬሲ ዳሽቦርድን ክፈቱ። ማይክሮፎን የሚለውን ስትነኩ ማን በስንት ሰዓት እንደተጠቀመ ተራ በተራ ይዘረዝራል። አንድሮይድ 12 ያለፉትን 24 ሰዓታት ብቻ ያሳይ ነበር፤ ከ13 ወዲህ 7 ቀን ወደኋላ ማየት ይቻላል። የሲስተም አፖች ተደብቀው ስለሚቀመጡ «ሾው ሲስተም» የሚለውንም አብሩት።

3. ሰዓቶቹን እናንተ በዚያ ሰዓት ትሠሩት ከነበረው ነገር ጋር አመሳክሩ።

የኔን ጉዳይ የፈታው ሦስተኛው ነው። ዝርዝሩ ላይ ያሉት አጫጭር አጠቃቀሞች በሙሉ መልእክት ስጽፍ የነበረባቸው ሰዓቶች ላይ ተከማችተዋል። ሌሊት ስልኩ ተቀምጦ ባደረባቸው ሰዓቶች አንድም የለም። ስሙ የወጣው አፕ ለአማርኛ ብዬ የጫንኩት ኪቦርድ ነበር። በድምፅ መጻፊያ ስላለው ገና ሲከፈት ማይኩን ያነቃዋል። የማይክ ፈቃዱን ነሳሁት፣ ነጥቡ ጠፋ። መልሼ ስሰጠው ተመለሰ። ጥፋተኛው እሱ ለመሆኑ ከዚህ በላይ ማረጋገጫ አልፈለግሁም።

ኪቦርድ አፕ መሆኑ ይረሳል። እኛ ደግሞ ለፊደሉ ስንል ከየቦታው እናወርዳለን፤ የምንጽፈው ሁሉ የሚያልፈው ግን በሱ በኩል ነው። ግራፊንኦኤስ እዚህ ላይ ተራ አንድሮይድ የሌለው ነገር አለው፦ ለእያንዳንዱ አፕ የኢንተርኔት ፈቃድን ለብቻው መንሳት ይቻላል።

የናንተ ስልክ ላይ ሌላ ስም ከወጣም አትደንግጡ። እዚሁ ቴሌግራም ላይ ቻት ከፍታችሁ ስልኩን ወደ ጆሮ ስታስጠጉ በራሱ ድምፅ መቅዳት የሚጀምር «ሬይዝ ቱ ስፒክ» የሚባል ማስተካከያ አለ፤ ቻት ሴቲንግ ውስጥ ታጠፉታላችሁ። በአግባቡ ያልተዘጋ የስብሰባ ጥሪ፣ ማይክ የተፈቀደለት የብሮውዘር ገጽ፣ ከድምፅ ጋር የሚቀዳ ስክሪን ሪኮርደርም የተለመዱ ምክንያቶች ናቸው።

የሁሉንም አፖች ማይክ ባንዴ የሚዘጋውን «ማይክ አክሰስ» የሚለውን ቁልፍ ማጥፋትስ? አፖቹ ከድምፅ ይልቅ ዝምታ ይደርሳቸዋል። ለጊዜው ያረጋጋል፣ ማን እንደነበር ግን አይነግራችሁም። ስሙን ካገኛችሁ በኋላ ተጠቀሙበት።

መቼ ነው በእውነት መጠርጠር ያለባችሁ? ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ ከጀርባ የተኛ አፕ እንዲሁ ተነስቶ ማይክ መክፈት አይፈቀድለትም። ከጀርባ ሆኖ መቅዳት የሚፈልግ ሥራ ላይ መሆኑን ለሲስተሙ ማስመዝገብ አለበት። ስለዚህ ምንም ባልነካችሁበት ሰዓት የተመዘገበ፣ ከምትሠሩት ነገር ጋር የማይገናኝ ወይም የማታውቁት ስም ካገኛችሁ ቁም ነገር ነው። የዳሽቦርዱን ገጽ ስክሪንሾት አንሱ፣ ፈቃዱን ንሱ፣ ከዚያ አፑን አጥፉ። ግራፊንኦኤስ የምትጠቀሙ ደግሞ አብሮት የሚመጣውን ኦዲተርን ክፈቱ። በሌላ አንድሮይድ ስልክ አማካይነት ሲስተማችሁ ያልተነካካ መሆኑን ከስልኩ የደህንነት ቺፕ ማረጋገጫ እየወሰደ ይመረምራል። ፎርማት ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው።

እኔ ኪቦርዱን አላጠፋሁትም፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም በሱ ነው። ማይክም ኢንተርኔትም ግን የለውም።