ያለ ልምድ የጥርስ ሐኪም ረዳት ስለ መሆን

ሥራ ያለ ልምድ አይገኝም፤ ልምድም ያለ ሥራ አይገኝም። ይህ እንቆቅልሽ በየአገሩ ያለውን ጀማሪ ሠራተኛ ሁሉ ያስጨንቃል። «ከዚህ በፊት የት ሠርተዋል?» ተብሎ ሲጠየቅ፥ የትም አልሠራሁም ያለ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ በመጣበት ይመለሳል። ዳሩ ግን ልምድ የሌለውን ሰው ተቀብለው የሚያስተምሩ ሙያዎችም አሉ። በአሜሪካ አገር ከነዚህ አንዱ የጥርስ ሐኪም ረዳትነት ነው። በዚያ አገር፥ ይልቁንም በቨርጂኒያና በሜሪላንድ፥ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፥ አዲስ የገባውም ሰው እንጀራውን በምን እንደሚያገኝ ስለሚጨነቅ፥ የዚህን ሥራ ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል።

የሙያው ታሪክ ራሱ ለጀማሪ ተስፋ ይሰጣል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. በኒው ኦርሊንስ ከተማ ኤድመንድ ኬልስ የተባለው የጥርስ ሐኪም ማልቪና ኩዌሪያ የተባለችውን ወጣት ረዳት አድርጎ ቀጠራት። በዚያ ዘመን ሴት ያለ አጃቢ ወደ ሐኪም መሄዷ እንደ ነውር ይቈጠር ነበርና፥ በሥራው ቤት ሴት ረዳት መኖሯ ለሴቶች ሕመምተኞች መተማመኛ ሆነላቸው። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪም ረዳቶች ማኅበር የተመሠረተው በ1924 ዓ.ም.፥ ለረዳቶች ፈተና የሚሰጠውም ቦርድ የተቋቋመው በ1948 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ሥራው ከምስክር ወረቀቱ ቀድሞ የመጣ ነው።

የረዳቱ ተግባር ሕመምተኛውን ተቀብሎ ማስቀመጥ፥ ለሐኪሙ መሣሪያ ማቀበል፥ ምራቅና ውሃ በመምጠጫ ማንሣት፥ መዝገብ መጻፍ፥ ከሁሉም በላይ የሥራውን ዕቃ ከተሕዋስያን ማጽዳት ነው። ዕቃው ከታጠበ በኋላ በከረጢት ታሽጎ አውቶክሌቭ በሚባለው ማሽን ውስጥ በ121 ወይም በ132 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንፋሎት ይታጠናል። በከረጢቱ ላይ ያለው ምልክት ቀለሙን ሲለውጥ ሙቀት እንደ ነካው ያሳያል፤ ነገር ግን ተሕዋስያኑ ሁሉ እንደ ሞቱ አያረጋግጥም። ስለዚህ ማሽኑ በየጊዜው በሌላ መመርመሪያ ይፈተናል። ይህን ሳያውቅ ዐውቃለሁ ያለ ረዳት የአንዱን ሰው ደዌ ወደ ሌላው አፍ ሊያሻግር ይችላል።

ሕጉ ከግዛት ወደ ግዛት ይለያያል። በብዙ ግዛቶች ጀማሪው በሐኪሙ ቍጥጥር ሥር ሆኖ ከወንበሩ አጠገብ እየሠራ ይማራል። የራጅ ሥራ ግን በቨርጂኒያም ሆነ በሜሪላንድ የተወሰነውን ትምህርት ወይም ፈተና ላልፈጸመ ረዳት አይፈቀድም። የዚህ ጥንቃቄ ምክንያት ከኬልስ ሕይወት ይታያል። እርሱ በ1896 ዓ.ም. በአሜሪካ የጥርስ ራጅ ካነሡት ፊተኞች አንዱ ነበረ፤ የጨረሩ ጕዳት ገና አልታወቀምና እጁን አሳጣው፤ ከብዙ ሥቃይም በኋላ በ1928 ዓ.ም. ሞተ።

ስለዚህ ሥራ ፈላጊው ለትምህርት ቤት ገንዘብ ከመክፈሉ አስቀድሞ የግዛቱን የጥርስ ሕክምና ቦርድ ምን እንደሚያስፈልግ ይጠይቅ። አለዚያ ሕጉ ለማይጠይቀው ወረቀት ብዙ ገንዘብ ያወጣል። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው ቦርድ ከሚሰጣቸው ፈተናዎች ውስጥ ስለ ጨረር ጥንቃቄና ስለ ተሕዋስያን መከላከል የሚሰጡት ሁለቱ ቀድሞ የሠራ መሆንን አይጠይቁም። ሙሉውን የምስክር ወረቀት ለማግኘት ግን፥ ዕውቅና ካለው ትምህርት ቤት ያልወጣ ሰው 3,500 ሰዓት መሥራት አለበት። ጀማሪው መብቱንም ይወቅ፤ በ1991 ዓ.ም. በወጣው የሥራ ደኅንነት ደንብ መሠረት፥ ደም ሊነካው ለሚችል ሠራተኛ ቀጣሪው ሥራ በጀመረ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ የጉበት በሽታ (ሄፓታይተስ ቢ) ክትባት በነጻ ሊያቀርብለት ይገባል።

ልምድ የለኝም የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያለውን ሀብት አያውቅም። በሆቴል እንግዳ ያስተናገደ፥ ሕፃን ወይም ሽማግሌ ያስታመመ ሰው ትዕግሥትንና ንጽሕናን ለምዷል። አማርኛና እንግሊዝኛ የሚያውቅም ቋንቋ ለቸገራቸው እናትና አባት የሐኪሙን ቃል ያስረዳል። ይህን ሁሉ በማመልከቻው አሳጥሮ ይጻፈው፤ ወደ ትንንሽ ሐኪም ቤቶችም ራሱ ሄዶ ይስጥ፤ ቢፈቀድለት አንድ ቀን ቆሞ ሥራውን ይመልከት። በቤቱም ሳለ የጥርሶችን ቍጥር ያጥና። በአሜሪካ አቈጣጠር ከላይ በሕመምተኛው ቀኝ ካለው የመጨረሻ መንጋጋ 1 ተብሎ ይጀመርና በላይ ግራ 16 ይደርሳል፤ ከታች ግራ 17 ብሎ ይቀጥልና በታች ቀኝ በ32 ይፈጸማል። ይህን ዐውቆ የቀረበ ጀማሪ የመማር ፈቃዱን በሥራ አሳየ ማለት ነው።

ያልሠራበትን ቦታ ሠራሁ ብሎ መጻፍ ግን ፈጽሞ አይገባም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ሐሰቱም የሚገለጠው ሰው አፉን ከፍቶ በተቀመጠበት ወንበር ላይ ነው። ሐኪሙም በበኩሉ እውነቱን የነገረውን ጀማሪ ስለ እውነቱ አያባርረው፤ ታግሦ ያስተምረው። አላውቅም ብሎ የሚጠይቅ ረዳት ዐውቃለሁ ብሎ ከሚሳሳት ይልቅ ለሕመምተኛው የታመነ ነው፤ ልምድም እየሠራ ይመጣለታል።