ሬዲዮ ያልያዘች ጀልባ

ደገኛ ሰው ስለ ባሕር ሲናገር አብዛኛውን ጊዜ በዓይኑ ያየውን ሐይቅ እያሰበ ነው። በሐይቅ ላይ የሚቀዝፍ ሰው ቢደክመው ዳሩ ይታየዋል፤ ቢጣራም የሚሰማው አያጣም። የውቅያኖስ ነገር ግን ከዚህ የራቀ ነው። የብስ ከዓይን ከተሰወረ በኋላ ለሳምንታት ከውሃና ከሰማይ በቀር የሚታይ የለም። ይህም ባዶነት አንዱን ሲያስፈራው ሌላውን በናፍቆት ይስበዋል።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ይህ ናፍቆት ከቤታቸው ያስወጣቸውን የሁለት እንግሊዛውያን ባልና ሚስት ታሪክ ነው። (ዓመተ ምሕረት ብለን ካልጻፍን በቀር የምንጠቅሰው ዓመት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሞሪስ ቤይሊና ባለቤቱ ማራሊን ደርቢ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ይኖሩ ነበር። እርሱ በማተሚያ ቤት፥ እርስዋ በግብር መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ነበሩ። ችግረኞች አልነበሩም፤ ቤትም ደመወዝም ነበራቸው። ነገር ግን ማለዳ ተነሥቶ ወደ ሥራ መሄድ፥ ማታ ተመልሶ መተኛት፥ በማግሥቱም ያንኑ መድገም ልባቸውን አሰለቸው። በ1966 ማራሊን፥ «ቤታችንን ሸጠን ጀልባ እንግዛ፤ በእርስዋም እንኑር» የሚል ሐሳብ አመጣች። ሐሳቡን ያመነጨችው እርስዋ መሆንዋን አንባቢ ልብ ይበል፤ ዋና የማታውቅ ሴት ነበረችና።

ቤቱ ተሸጠ፤ ጥሪታቸውም ሁሉ በጀልባዋ ላይ ፈሰሰ። ርዝመትዋ ዘጠኝ ሜትር ተኩል ያህል ነበር፤ ይህም ከአንድ የመማሪያ ክፍል ርዝመት ብዙ አይበልጥም። ስምዋንም ከሁለቱ ስም ገጣጥመው ኦራሊን አሏት። ከዚያ በኋላ ለጒዞው ሲሰናዱ ብዙ ዓመት አለፈ። የምግብ ጣሳው፥ መጽሐፉ፥ ካርታው፥ መጠባበቂያ ሸራው ሁሉ በየቦታው ገባ።

አንድ ነገር ግን ሆን ብለው ተዉ። ይኸውም መልእክት የሚያስተላልፍ ሬዲዮ ነው። ከውጭ ማንም ጣልቃ እንዳይገባብን፥ ነፃነታችንም እንዳይጓደል ብለው ነው የተዉት። ሞሪስ ፀሐይንና ከዋክብትን በመሣሪያ እየለካ ጀልባዋ ያለችበትን ቦታ ማስላት ያውቅ ነበርና በዚህ ጥበቡ ይተማመን ነበር። ውሳኔውን ሞኝነት የሚለው ሰው ብዙ ነው፤ እኛ ግን ፈጥነን ለመፍረድ እንቸገራለን። ዘመኑን ሁሉ የመሥሪያ ቤት ሰዓትና የአለቃ ትእዛዝ ሲነዳው የኖረ ሰው፥ አንድ ጊዜ ማንም ከማይጠራው ቦታ ለመድረስ ቢመኝ ምኞቱ ይገባናል፤ እኛም በደወል የምንኖር መምህራን ነንና።

በ1972 በሰኔ ወር ከሳውዝሃምተን ወደብ ተነሡ። መድረሻቸው ኒው ዚላንድ ነበር፤ በዚያም አዲስ ኑሮ ለመመሥረት አስበው ነበር። ሁለት ሰዎች ብቻ የሚነዷት የሸራ ጀልባ በጒዞ ላይ ሌሊትም አታርፍም። ስለዚህ አንዱ ሲተኛ ሌላው መጠበቅ አለበት፤ ተረኛው ሲቀሰቅስ የተኛው ይነሣል፥ የነቃው ይተኛል። ነፋስ ሲለወጥ ሸራው ይለወጣል፤ ሲበረታም ሸራው ይጠቀለላል፥ የሌሊቱ እኩሌታ ቢሆንም፥ ዝናብ ቢሆንም። ውሃ በልክ ይጠጣል። ነፃነት ፍለጋ ባሕር የገባ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ የጠበቀ ሥርዓት እንደሚጠብቀው በመጀመሪያው ሳምንት ይማራል። ልዩነቱ፥ በባሕር ላይ የሚያዘው ሰው ሳይሆን ነፋስ መሆኑ ነው፤ ምናልባትም የሰው ልብ ለዚህኛው ትእዛዝ መገዛት አይከብደው ይሆናል።

አትላንቲክን በደኅና ተሻገሩ። ከካሪቢያን ደሴቶችም ወደ ፓናማ አለፉ፤ ቦዩን አቋርጠው በ1973 በየካቲት ወር ወደ ፓሲፊክ ገቡ። እስከዚህ ድረስ ያሰቡት ሁሉ ሠምሮላቸው ነበር ማለት ይቻላል።

የካቲት 25 ቀን 1965 ዓ.ም.፥ ማለት ማርች 4 ቀን 1973፥ ወደ ጋላፓጎስ ደሴቶች ሲያመሩ ንጋት ላይ ጀልባዋ በኀይል ተናወጠች። የመታት ዓሣ አንበሪ ነበር፤ ስሙን በጾመ ነነዌ ትንቢተ ዮናስ ሲነበብ ሰምተን ያደግነው ማለት ነው። ይኸኛው ጥርስ ካላቸው የዓሣ አንበሪ ወገኖች ሁሉ የሚተልቀው ዓይነት ነበር፤ ቆስሎም ደሙ በውሃው ላይ ይታይ ነበር። በጀልባዋ ጎን አንድ ክንድ የሚያህል ቀዳዳ ተከፈተ። በትርፍ ሸራ ሊሸፍኑት፥ በልብስና በትራስ ሊወትፉት ሞከሩ፤ አልሆነም። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የብዙ ዓመት ድካማቸው፥ ቤታቸውም ጭምር፥ ከዓይናቸው ሥር ሰጠመ።

የተረፉላቸው በነፋስ የሚሞሉ ሁለት የጎማ ታንኳዎች ነበሩ። አንደኛዪቱ ክብና ጥላ ያላት የነፍስ ማዳኛ ስትሆን፥ ወርድዋ ሁለት ሰው እግሩን ዘርግቶ ሊተኛባት የማይበቃ ነበር። ሁለተኛዪቱ የመቅዘፊያ ታንኳ ነበረች፤ ሁለቱንም በገመድ አያያዟቸው። ጥቂት ጣሳ ምግብና ጥቂት ውሃ አውጥተው ነበር። መንጠቆ ግን አልነበረም። ማራሊን የልብስ መርፌ ቁልፍ አጣምማ መንጠቆ ሠራች፤ በእርሱም ዓሣ ያዙ። የባሕር ኤሊ አርደው በሉ፤ በላያቸው የሚያርፉትን ወፎች ያዙ፤ ማራሊንም ትንንሽ ሻርኮችን በጅራታቸው ይዛ በባዶ እጅዋ ማውጣት ተማረች። የሚጠጡት የዝናብ ውሃ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሌሊት ሌሊት እየቀዘፉ ወደ ጋላፓጎስ ለመድረስ ሞከሩ፤ የባሕሩ ፈሳሽ ግን አሸነፋቸው። ቀጥሎም ኤሊን በገመድ አስረው ታንኳዋን እንድትጎትት አደረጉ። አንደኛዪቱ ኤሊ በሚፈልጉት በኩል ጎተተች፤ ደስ ብሏቸው ሁለተኛ ቢጨምሩ ሁለተኛዪቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደች። በዚህ ታሪክ ውስጥ እንድንስቅ የሚፈቅድልን ቦታ ይህ ብቻ ነው።

ከስምንት ቀን ያህል በኋላ አንድ መርከብ በአጠገባቸው አለፈ። የብርሃን ምልክት ተኮሱ፤ አላየቻቸውም። ከዚያም ሌላ፥ ከዚያም ሌላ፥ እስከ ሰባት መርከብ ድረስ አለፈ። ማንም እንዳይጠራቸው ፈልገው የወጡ ሰዎች አሁን ልብሳቸውን እያውለበለቡ የሚጣሩ ሆኑ። በዚያን ጊዜ ጀልባ በባሕር ስትጠፋ ሰዎች የሚያውቁት ከወደብ ስትቀር ነበር። ዛሬ እጅ በምታህል መሣሪያ የጭንቅ ምልክት ወደ ሳተላይት ይላካል፤ ይህም አሠራር ሰው ማዳን የጀመረው በ1982 ነው። ለኦራሊን ግን የሚፈልጋት አልነበረም፤ ገና በጒዞ ላይ ናት ተብላ ትታሰብ ነበርና።

ወሩ በወር ላይ ሲጨመር ልብሳቸው በላያቸው በሰበሰ፤ ጨዋማው ውሃ ገላቸውን አቈሰለው። የዓሣ እሾኽ የወጋት ክብዋ ታንኳ ሌት ተቀን ነፋስ ካልተሞላች ትሟሽሽ ነበር። ሞሪስ ታመመ፤ ተስፋም ቆረጠ። እስከዚያ ድረስ መሪው እርሱ ነበር። የባሕሩን ስሌት፥ የጀልባውን ሥራ የሚያውቀው እርሱ ነበርና። ስሌት በማይጠቅምበት ቀን ግን መሪነቱ ያለ ሹመት፥ ያለ ክርክር ወደ ማራሊን ተላለፈ። እርስዋ የቀኑን ሥራ በሰዓት ከፋፈለች። ከወረቀት የመጫወቻ ካርታና ዶሚኖ ሠራች። አንድ ቀን ለእንግዶች የምታቀርበውን ግብዣ ምግቡን በየተራ ጻፈች። ከሁሉም የሚደንቀን ግን ሌላ ነው፤ ኦራሊን ሁለተኛ የምትባለውን ጀልባ፥ የመኝታዋን ቦታ፥ የማድቤትዋን መደርደሪያ ሳይቀር፥ ባልና ሚስቱ በዚያች በምትሟሽሽ ታንኳ ላይ ሆነው ነደፉ። ሞሪስ በኋላ ሕይወቱን ለማን እንደሚሰጥ ሲጠየቅ ስምዋን ከመጥራት አልቦዘነም። የትዳር ጓደኛ የሚባለውን ቃል እኛ ብዙ ጊዜ በሠርግ ቀን ንግግር እንሰማዋለን፤ ወርዱ ምን ያህል እንደ ሆነ ግን የሚለካው እንዲህ ባለ ቦታ ሳይሆን አይቀርም።

ሰኔ 23 ቀን 1965 ዓ.ም.፥ ባሕሩ ላይ ከ117 ቀን በኋላ፥ ስምንተኛው መርከብ መጣ። ዎልሚ 306 የተባለ የኮርያ ዓሣ አጥማጅ መርከብ ነበር። እርሱም አልፏቸው ከሄደ በኋላ ተመለሰ። ሲወጡ በእግራቸው መቆም አቅቷቸው ነበር፤ እያንዳንዳቸው ከክብደታቸው 18 ኪሎ ያህል ጎድሎ ነበር። መርከበኞቹ ቋንቋቸውን ለማያውቁ ሁለት እንግዶች ልብስ ሰጥተው፥ እንደ ሕፃን ቀስ እያሉ መግበው፥ ሆኖሉሉ አደረሷቸው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ደርቢና ወደ መሥሪያ ቤቱ ሰዓት ተመልሰው የተቀመጡ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። የደረሰባቸውን በመጽሐፍ ጻፉ፤ መጽሐፉም በ1974 ታተመ። በታንኳ ላይ የነደፏት ጀልባ እውነት ሆነች፤ ስምዋም እንዳሰቡት ኦራሊን ሁለተኛ ተባለ። በ1975 በእርስዋ ተሳፍረው በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ወዳለው ወደ ፓታጎንያ ሸራቸውን ዘረጉ። በዚህኛው ጒዞ ግን ወዳጆቻቸውንም አሳፍረው ነበር።