«የተራባ» ወይስ «ባህላዊ»? ስለ መድኃኒታዊ ፈንገሶች የደህንነት ፍተሻ ቃላት

ከጅቡቲ ወደብ የሚነሣው የጭነት መንገድ በገላፊ ገብቶ ሠመራንና ሚሌን ካለፈ በኋላ በአዋሽ ከተማ በኩል ወደ መሐል አገር ይዘልቃል። ከውጭ የሚገባው ሸቀጥ አብዛኛው በዚህ መንገድ ስለሚጓዝ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈው መግለጫም አብሮ ይጓዛል። መግለጫው ወደ አማርኛ ሲመለስ የአዋሽ ገዥ በአማርኛ ያነበዋል፤ በሠመራ ደግሞ ከአማርኛው ወደ አፋርኛ በቃል ሊተረጐም ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ትርጕም የገባ ስሕተት በሁለተኛው ይጸናል። በዚህ ጽሑፍ፣ በቤተ ሙከራ ተራብተው ከምግብ ጋር ስለሚቀላቀሉ መድኃኒታዊ ፈንገሶች የደህንነት ፍተሻ የሚነገርባቸውን ቃላት ለማብራራት እንሞክራለን።

አስቀድመን የወገኑን ስም እንለይ። አማርኛ እንጉዳይ፣ ሻጋታና እርሾ የሚሉ ነባር ቃላት አሉት። «የጅብ ጥላ» የሚለው ስያሜም አለ፤ ይህም በራሱ ማስጠንቀቂያን ያዘለ ነው። ሁሉንም በአንድነት የሚጠቀልል ነባር ቃል ስለሌለ ግን «ፈንገስ» የሚለውን የውሰት ቃል መያዙ ይበጃል። በቤተ ሙከራ የሚራባው ብዙውን ጊዜ ከመሬት በላይ የሚታየው ጃንጥላ ሳይሆን ከሥር የሚዘረጋው ቀጭን የክር መረብ ነው። ለመረቡ «ድር»፣ ለጃንጥላው «አካለ ፍሬ» ብንል ልዩነቱ ይጠበቃል። የሁለቱ ንጥረ ነገር አንድ ስላልሆነ የአንዱ ፍተሻ ለሌላው ምስክር ሊሆን አይችልም።

ዋናው አደጋ ያለው «ከልቸርድ» በሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ላይ ነው። «ከልቸር» በአማርኛ «ባህል» ተብሎ ስለተለመደ፣ ጥንቃቄ የጐደለው ተርጓሚ «ባህላዊ መድኃኒታዊ እንጉዳይ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። «ባህላዊ» የሚለው ቃል ግን አያት ቅድመ አያት ቀምሰው ያለፉትን፣ ትውልድ የመሰከረለትን ነገር ያመለክታል። በቤተ ሙከራ የተራባው ድር ከዚያ በፊት ማንም ሰው በልቶት የማያውቀው ሊሆን ይችላል። አንድ ቅጽል ተሳስቶ በመግባቱ ያልተገኘ አመኔታ ለሸቀጡ ይሰጠዋል ማለት ነው። ስለሆነም ትክክለኛው ቃል «የተራባ» ነው እንላለን። «ፋንክሽናል ፉድ» የሚባለውንም «ተግባራዊ ምግብ» ማለት ትርጕም አይሰጥም፤ «መድኃኒት ምግብ» ማለትም ያልተረጋገጠ ፈውስ ተስፋ ያስደርጋል። «ጤና ደጋፊ ምግብ» የተሻለ ይመስለናል። ምግብና መድኃኒት በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ቁጥጥር የሚደረግባቸው በመሆናቸው፣ በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር በቃል ምርጫ መደብዘዝ የለበትም።

ወደ ፍተሻው ስንመጣ ሦስት ቃላት ያስፈልጉናል። በአንድ ጊዜ በተሰጠ ብዙ መጠን የሚከተለው ጉዳት «አጣዳፊ መርዛማነት» ይባላል። በየቀኑ እየተሰጠ የሚታየው «ንዑስ ዘለቄታዊ መርዛማነት» ነው፤ በተለመደው ሥርዓት አይጦች ለ90 ቀን በሦስት የተለያየ መጠን ይመገባሉ፤ ምንም ያልተሰጠው ቡድን ደግሞ ለማነጻጸሪያ ይቀመጣል። በውርስ ቅንጣት ላይ የሚደርሰውን «በራሂ ጐጂነት» እንለዋለን። ይህንንም ብሩስ ኤምስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባስተዋወቀው ዘዴ፣ በሳልሞኔላ ባክቴሪያ ላይ መፈተን ይቻላል።

«ንጽሕና» እና «ደህንነት» ደግሞ መቀላቀል አይገባቸውም። ፈንገስ ከሚበቅልበት ነገር ከባድ ብረቶችን ሊሰበስብ ይችላል። ስለዚህ አንድ አምራች በአዋሽ ሸለቆ የጥጥ ተረፈ ምርት ላይ እንጉዳይ ቢያራባ፣ ዝርያው በባሕርዩ መርዝ ባይኖረውም የተረፈ ምርቱ ንጽሕና ለብቻው መፈተሽ አለበት።

ከፍተሻው የሚገኘው ዋና ቍጥር «ጉዳት ያልታየበት ከፍተኛ መጠን» ነው። ለምሳሌ ያህል ይህ መጠን በአይጥ ላይ በኪሎ ግራም ክብደት 1000 ሚሊ ግራም ቢሆን፣ በተለመደው አሠራር ለሰው ሲታሰብ ለ100 ይካፈላል፤ 10 እጁ በአይጥና በሰው መካከል ላለው ልዩነት፣ 10 እጁ ደግሞ በሰውና በሰው መካከል ላለው ልዩነት ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የሚደርሰው በቀን 600 ሚሊ ግራም ይሆናል። እዚህ ላይ «ጉዳት አልታየም» የሚለውን «ጉዳት የለውም» ብሎ መተርጐም ከባድ ስሕተት ነው። የመጀመሪያው በተወሰነ መጠንና ጊዜ የተገኘ ውጤት ሲሆን ሁለተኛው ወሰን የሌለው ዋስትና ነው።

የአዋሽ ሸለቆ ነዋሪ የዚህን ነገር ዋጋ ያውቃል። ፕሮሶፒስ የተባለው ዛፍ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በመካከለኛው አዋሽ ሲተከል ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ይጠቅማል ተብሎ ነበር። በኋላ ግን የግጦሹን መሬት ወረረው። አፋሮች «ደርጊ ሃራ»፣ የደርግ ዛፍ፣ ብለው ሰየሙት። ስሙ ማን እንዳመጣው ይመሰክራል። ለሚመጣው እንግዳ ምግብ ስም የምናወጣ እኛም፣ የተፈተሸውን ያህል ብቻ የሚናገር ስም ብናወጣለት ለገዥው ከማናቸውም ውዳሴ ይልቅ ይጠቅመዋል።