ታማል፥ በኖራ የሚቀቀል በቆሎ

ታማል የሜክሲኮ ሰዎች በበቆሎ ሊጥ ውስጥ ሥጋና በርበሬ ከትተው፥ በቆሎውን ራሱን በሸፈነው ቅጠል ጠቅልለው በእንፋሎት የሚያበስሉት ምግብ ነው። ስሙም ታማሊ ከሚለው የናዋትል ቃል የመጣ ነው።

ምስጢሩ ግን ከሥጋውም ከበርበሬውም አይደለም፤ ከኖራው ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ በቆሎ፥ 10 ግራም ያህል ለምግብ የተዘጋጀ ኖራ (የግድግዳው እንዳይሆን አደራ!) በተበጠበጠበት 3 ሊትር ውሃ ቀስ ባለ እሳት ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀቀልና እዚያው ያድራል። በማግሥቱ እየታሸ ይታጠባል፤ ልጣጩ ሲለቅ ይፈጫል።

ኖራው ሊጡን ከማያያዙም በላይ፥ በቆሎው አስሮ የያዘውን ናያሲን የተባለ ቫይታሚን ይፈታል። አውሮፓውያን በቆሎውን ከአሜሪካ ሲወስዱ ይህን ዘዴ ትተውት ሄዱ። ስለዚህ ከበቆሎ በቀር እምብዛም የማይበላው ድኻ፥ ቆዳን በሚያቆስልና አእምሮን በሚያውክ በፔላግራ በሽታ ተመታ። ጋስፓር ካሳል የተባለው ስፔናዊ ሐኪም ይህንኑ በሽታ በ1735 እ.ኤ.አ. አስተውሎ ጽፎበታል። እኛ የታሪክ ተማሪዎች ግን ስለ መርከቡ እንጂ ስለ ድስቱ ተጠይቀን አናውቅም!

ወደ ሥራው እንመለስ። ሊጡ ከአሳማ ስብ ወይም ከሌላ የረጋ ቅባት፥ ከጨውና ከመረቅ ጋር እጅ እስኪዝል ይመታል። ቁራጩ ውሃ ላይ ከተንሳፈፈ በቂ ነው። ቅጠሉ በሙቅ ውሃ ይለሰልሳል፤ በኦአሃካ በሙዝ ቅጠልም ይጠቀለላል። ጥቅሎቹ ብረት ድስት ውስጥ ቆመው፥ ውሃው ሳይነካቸው አንድ ሰዓት ያህል ይታጠናሉ። ሊጡ ከቅጠሉ ሳይጣበቅ ሲላቀቅ በስሏል። ቅጠሉ አይበላም።