«የተዳቀለ ነው» ሲሉን የቱን ማለታቸው ነው?

ዛሬ ስለ ብርቱካንና ስለ ሎሚ ችግኝ ላጫውታችሁ ነው። «በሰው ቤት እየሠራን ስለ ችግኝ ምን አገባን?» የምትል እህት ትኖር ይሆናል። ነገር ግን ከመካከላችን በረንዳ ላይ ያለውን የማዳሟን ሎሚ ውኃ የምታጠጣ ብዙ ናት፤ በላቧ ያገኘችውን ገንዘብ ልካ አገር ቤት ጓሮ ያስተከለችም እንዲሁ። እኔ ሁለቱንም አድርጌአለሁ፤ በሁለተኛውም ተታልያለሁ።

ቤይሩት በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ወንድሜ ደወለና «የተዳቀለ የብርቱካን ችግኝ መጥቷል፤ በሁለት ዓመት ያፈራል ይላሉ፤ ዋጋው ግን ከተራው እጥፍ ነው» አለኝ። የሁለት ወር ደመወዜን ላክሁ። ሃያ ችግኝ ተተከለ። እናቴ አራት ዓመት ሙሉ ከጉድጓድ እየቀዳች አጠጣች። ዛፎቹ ቁመት ጨመሩ፣ እሾህም አወጡ፤ ፍሬ ግን አልነበረም። አንድ ቀን በስልክ «ልጄ፣ ገንዘብሽን ያጠፋሁብሽ እኔ ነኝ፤ አያያዙን አላወቅሁበትም መሰለኝ» ስትለኝ አንጀቴ ተላወሰ። ጥፋቱ የእርሷ እንዳልነበረ ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ማዳም ለበረንዳዋ ሎሚ ልትገዛ ችግኝ ወደሚሸጥበት ቦታ ይዛኝ ሄደች። ሽማግሌው አትክልተኛ የችግኙን ግንድ በጣቱ እየነካ «ከዚህ በታች ቡስፌር ነው፤ ከዚህ በላይ ሎሚ ነው» አላት። ቡስፌር ሊባኖሶች መራራውን ብርቱካን የሚጠሩበት ስም ነው፤ ለጣፋጭ የሚጨምሩት የአበባ ውኃ የሚወጣውም ከእርሱ አበባ ነው። ግንዱ ላይ ሁለቱ የተጋጠሙበት ጠባሳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የእናቴ ዛፎች ግን እንዲህ ያለ ጠባሳ አልነበራቸውም።

አንድ ቃል፣ ሁለት ነገር

በአማርኛችን «የተዳቀለ» የምንለው ሁለት የተለያየ ነገር ነው፤ ሻጩም የሚያታልለን በዚሁ ነው።

አንደኛው የዘር መዳቀል ነው፤ የአንዱ አበባ ብናኝ ሌላውን ዓይነት አግኝቶ አዲስ ዓይነት ሲወለድ ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ብርቱካን ሁሉ የተዳቀለ ነው፤ ከፖሜሎና ከመንደሪን የተወለደ ነውና። ትልቁ ቢጫ ሎሚ እናቱ መራራ ብርቱካን፣ አባቱ ትርንጎ ነው። በየጓሯችን የምናውቀው ትንሹ ሎሚም አባቱ ትርንጎ ነው። ስለዚህ «ብርቱካኑ የተዳቀለ ነው» ብሎ ዋጋ መጨመር ውኃውን «እርጥብ ነው» ብሎ እንደ መሸጥ ነው።

ሁለተኛው ባለሙያዎች ግራፍቲንግ የሚሉት ነው። ከሚያፈራ ዛፍ ቅርንጫፍ ወይም ዓይን ተወስዶ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ ይጣበቃል። የተጣበቀው ከጎለመሰ ዛፍ ስለመጣ ልጅነቱን እንደገና አይጀምርም፤ ጥሩ ከተያዘ ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ያፈራል። ከፍሬ የበቀለው ግን ልጅነቱን መጨረስ አለበት፤ ብርቱካን ከሆነ ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ያ ሁሉ እሾህም የልጅነቱ ምልክት ነው። እጥፍ ዋጋ የሚከፈለው ለዚህኛው እንጂ ለስሙ አይደለም።

ገንዘብ ከመላካችን በፊት

«የተዳቀለ ነው ወይ?» ብለን አንጠይቅ፤ «በሌላ ግንድ ላይ የተጣበቀ ነው ወይ? የተጣበቀበትን አሳየኝ» እንበል። ቤተሰቦቻችን የግንዱን ፎቶ ከአፈሩ ጀምሮ እስከ አንድ ክንድ ድረስ አንስተው በስልክ ይላኩልን። ጠባሳ ወይም ትንሽ መታጠፍ መታየት አለበት፤ ብዙ ጊዜ ከበላዩና ከበታቹ ያለው ቅርፊትም ይለያያል። ቅጠሉ የተዥጎረጎረ ቢጫ የሆነ ወይም ነጠብጣብ የበዛበት ችግኝ በርካሽ ቢሰጥም ይቅር። ለቆላና ለወይና ደጋ እንጂ ውርጭ ለሚመታው ደጋ ብርቱካን አይሆንም። የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ይዞ መሄድም ገንዘብ ያድናል።

ሲተከል የተጣበቀበት ቦታ ከአፈር በላይ ይሁን። ከእርሱ በታች የሚወጣው ቡቃያ የሎሚው ሳይሆን የታችኛው ግንድ ነው፤ ካልተቆረጠ የላይኛውን ያቀጭጨዋል። ማዳሞቻችን «ሎሚዬ መራራ ሆነ» የሚሉት አንዳንዴ ከዚህ የተነሣ ነው።

ለማሰሮ የሚስማሙት

በረንዳ ላይ የሚመቹት ትንንሾቹ ዓይነቶች ናቸው። ፊሊፒናውያን እህቶቻችን ዓሣና ፓንሲት ላይ የሚጨምቁት ካላማንሲ የመንደሪንና የኩምኳት ዲቃላ ነው። ኩምኳት ራሱ ከነልጣጩ ይበላል። ሜየር የሚባለው ሎሚም አለ፤ ፍራንክ ሜየር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1908 ከቻይና ወደ አሜሪካ የወሰደው ሲሆን፣ ከተራው ሎሚ ይልቅ ለስላሳና ብርድም የሚችል ነው።

እነዚህን ከጥማት ይልቅ የሚገድላቸው የውኃ ብዛት ነው። እኔም መጀመሪያ የማዳምን ሎሚ በየቀኑ እያጠጣሁ ቅጠሉን ቢጫ አድርጌ አራግፌው ተቆጥተውኛል። ጣታችንን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ እንክተት፤ እርጥብ ከሆነ እንተወው፤ ከደረቀ ከሥር እስኪወጣ እናጠጣ፤ ሳህኑ ላይ የቀረውን ውኃ ደግሞ እንድፋ። በቀን 6 ሰዓት ያህል ፀሐይም ይፈልጋል።

አንድ አደራ አለኝ። ወደ አገር ስንገባ ችግኝ ወይም ቅርንጫፍ በሻንጣ አንያዝ። ያለ ፈቃድና ያለ ዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ማስገባት አይፈቀድም። የብርቱካን በሽታ ጤነኛ በሚመስል ቅርንጫፍ ተሸሽጎ ይጓዛል፤ በአንድ ስጦታ የጎረቤት ሁሉ ጓሮ ሊጠፋ ይችላል።

የእናቴ ዛፎችስ? አልተቆረጡም። ነገሩን ለወንድሜ ካስረዳሁት በኋላ የግብርና ባለሙያ አምጥቶ፣ በአካባቢው ካለ ጤነኛና ጥሩ ከሚያፈራ ዛፍ ቅርንጫፍ ወስደው አጣበቁባቸው። ከሃያው አሥራ አራቱ ያዙ። እናቴ አራት ዓመት ያጠጣችው ሥር በከንቱ አልቀረም፤ በሦስተኛው ዓመት «ሰባት ቆጠርኩ» ብላ ደወለችልኝ።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። ችግኝንም ከግንዱ ነው እህቶቼ፤ ሳናይ አንክፈል።