የላቦራቶሪው ኮምፒውተር፡ ትርፉና ኪሳራው

ደም ሰጥታችሁ ውጤት ስትቀበሉ “ይሄ ወረቀት በእርግጥ የእኔ ነው?” ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ባለፈው ዓመት ግን እናቴን ይዤ በክፍለ ከተማችን በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ መካኒሳ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ጤና ተቋም ሄድኩ።

እናቴ ቁርስ ሳትቀምስ ደም ሰጠች። ውጤቱ ሲመጣ ስኳሯ 240 ይላል። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ ያስጠረጥራልና ሐኪሙ ፊቱ ተለወጠ። እናቴ ግን “የኔ ልጅ፣ ባለፈው ወር ተለክቼ ደህና ነሽ ተብያለሁ እኮ” አለችው። “እንግዲያው እናጣራ እናቴ” ብሎ መልሶ ላከን። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ መዝገቡን ስትገልጥ ጉዱ ወጣ። ከእናቴ በላይ ባለው መስመር ላይ በራሷም በአባቷም ስም ከእናቴ ጋር አንድ የሆነች ሌላ ሴት አለች። “ይቅርታ እማማ፣ ስገለብጥ መስመር ስቼ ነው” አለች ባለሙያዋ። የእናቴ ውጤት 94 ነበር። ያቺ ሴት ግን 94 የሚል ወረቀት ይዛ “ጤነኛ ነኝ” ብላ ቤቷ ገብታለች። ተፈልጋ ትገኝ አትገኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ታዲያ ኮምፒውተር ቢኖር ይሄ ይቀር ነበር? እስቲ እንመልከት።

በወረቀት አሠራር ማሽኑ ያወጣውን ቁጥር ባለሙያው መዝገብ ላይ ይጽፋል፣ ከመዝገቡ ደግሞ ወደ ውጤት ወረቀት ይገለብጣል። አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ በእጅ ያልፋል ማለት ነው። በኮምፒውተር ሥርዓት ግን ቱቦው ላይ ባርኮድ ይለጠፋል፤ ማሽኑ ባርኮዱን ያነብና ውጤቱን ቀጥታ ወደ ታካሚው ፋይል ይልካል። የእናቴ ዓይነት ስህተት በዚህ መንገድ ይቀራል። ከዚህም ሌላ ለሕይወት የሚያሰጋ ውጤት ሲገኝ ኮምፒውተሩ ያስጠነቅቃል፣ የዓምናውን ከዘንድሮው ያነጻጽራል፣ ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ ሪኤጀንትንም ያሳውቃል። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የአምስት ዓመት ዕቅድ “የመረጃ አብዮት”ን ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገር ግን ኮምፒውተር ሁሉን ያድናል ማለት አይደለም። በጣሊያን ፓዶቫ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከላቦራቶሪ ስህተቶች 62 በመቶ ያህሉ የተፈጠሩት ምርመራው ከመካሄዱ በፊት ነው። ደሙ ሲቀዳ ባርኮዱ በሌላ ሰው ቱቦ ላይ ከተለጠፈ ኮምፒውተሩ ስህተቱን በፍጥነት ያደርሳል እንጂ አያርመውም።

የእኛ አገር ስም ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። “ፀሐይ” ብሎ የመዘገበና “ጸሃይ” ብሎ የሚፈልግ ሠራተኛ በኮምፒውተር ላይ ላይገናኙ ይችላሉ። ስለዚህ መለያው ስም ሳይሆን የካርድ ቁጥር፣ ወይም እንደ ፋይዳ ያለ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ቢሆን ይሻላል።

ወጪውስ? ኮምፒውተሩን መግዛት መጀመሪያው ነው እንጂ መጨረሻው አይደለም። የሶፍትዌር ፈቃድ፣ የባርኮድ ወረቀት፣ ጥገና፣ ሥልጠና፣ መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪና ጄኔሬተር አለ። ፈቃዱ በዶላር ከሆነማ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የብሩ ሒሳብ በጣም ንሯል። ለዚህም ነው እንደ ኦፕን ኤሊስ ያሉ የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅባቸው ሶፍትዌሮች መታየት ያለባቸው። ኮትዲቯር ተጠቅማበታለች።

ሌላው ስጋት ደኅንነት ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2024 ሲኖቪስ የተባለው የለንደን የላቦራቶሪ አገልግሎት ሰጪ በኮምፒውተር ሌቦች ሲጠቃ ከ10 ሺህ በላይ የተመላላሽ ታካሚ ቀጠሮዎችና ከ1 ሺህ 700 በላይ ሕክምናዎች ተራዝመዋል። በእኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የታካሚን ውጤት የያዘ ተቋም ኃላፊነቱን ማወቅ አለበት።

እንግዲህ ሚዛኑ ወዴት ያደላል? በእኔ አስተያየት በቀን መቶዎችን ለሚመረምር ሆስፒታል ትርፉ ይበልጣል። ጥቂት ናሙና ለሚያይ ትንሽ ጤና ጣቢያ ግን መጀመሪያ ቱቦው ላይ ከስም ጋር የካርድ ቁጥር መጻፍና ውጤት ሲወጣ ሁለተኛ ሰው እንዲያየው ማድረግ ይቅደም። ይሄ ዶላር አይጠይቅም። ኮምፒውተር የገባበትም ቢሆን መብራት ሲጠፋ የሚሠራበት መዝገብ ይኑረው።

“ከመጠምጠም መማር ይቅደም” ይባል የለ! እናንተም ውጤት ስትቀበሉ ስማችሁን ብቻ ሳይሆን የካርድ ቁጥራችሁንም አይታችሁ ተቀበሉ። እናቴ ዝም ብትል ኖሮ የማያስፈልጋትን መድኃኒት ትውጥ ነበር።