ፍርፋሪው ከማን ማዕድ ወደቀ?

ውድ አንባቢ፣ እስቲ ለአፍታ በሐሳብዎ ወደ ፎገራ ሜዳ ይምጡ። ክረምቱ አልፏል። የርብና የጉማራ ውሃ ወደ ጣና ተመልሶ ጭቃው መድረቅ ጀምሯል። አንድ እረኛ ልጅ ከደለሉ ውስጥ አንድ እጇ የጎደለ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ያገኛል። አጥቦ ኪሱ ይከታታል። የማን ነበረች? ከየትስ መጣች? አያውቅም። የሚነግረው ሰው ካጣ ደግሞ ታሪኳን ራሱ ይፈጥርላታል።

በአገራችን የተቀረጸ አንድ ፊልም ይህንኑ የመሰለ ጥያቄ ያነሣል። ስሙ «ክረምብስ» ነው፤ ፍርፋሪ ማለት ነው። ያዘጋጀው ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ሲሆን፣ ዋና ተዋንያኑ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ናቸው። በጥር ወር 2007 ዓ.ም. በሮተርዳም የፊልም ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ተብሎም ተዋወቀ። ለትንንሽ ልጆች የሚሆን ፊልም አይደለም። ለወላጅ ግን ብዙ የሚያሳስብ ነገር አለው።

የተረሳ ዓለም

ታሪኩ የሚፈጸመው ከታላቅ ጥፋት በኋላ ነው። በምድር ላይ የቀሩት ሰዎች ጥቂት ናቸው። ከሰማይ ላይ አንድ ትልቅ የጠፈር መርከብ ለዘመናት ያለ እንቅስቃሴ ተንጠልጥሏል። አንድ ቀን ነፍስ የዘራ ይመስላል። ቅራቅንቦ እየለቀመ የሚኖረው ዋናው ገጸ ባሕርይ ከሌላ ዓለም የመጣሁ ነኝ ብሎ ያምናልና፣ ወደ አገሩ የሚመለስበትን መንገድ ፍለጋ ይነሣል።

በዚያ ዘመን እንደ ዕንቁ የሚቆጠረው ምን እንደሆነ ያውቃሉ? የኒንጃ ኤሊ የፕላስቲክ አሻንጉሊትና የማይክል ጃክሰን ሸክላ ነው! ዕቃውን የሚገምተው ነጋዴ የእያንዳንዱን ታሪክ በሙሉ ልብ ይተርካል፤ የሚተርከው ግን ከእውነቱ ጋር አይገናኝም። የዋናው ገጸ ባሕርይ ወዳጅ ደግሞ በቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ በማይክል ጆርዳን ምስል ፊት ትጸልያለች።

ያስቃል። ሣቁ ሲያልፍ ግን አንድ ነገር ልብን ይወጋል። እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ የነገራቸው የለም እንጂ። ትዝታ ሲጠፋ ሰው ባዶውን አይቀመጥም፤ ያገኘውን አንሥቶ ይሰግድለታል።

ሐሳቡ የበቀለበት ምድር

ከፎገራ ርቀን ለጥቂት ጊዜ ወደ አፋር እንውረድ። ፊልሙ ከተቀረጸባቸው ቦታዎች አንዱ ዳሎል ነው። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነበር። የውጭ ኩባንያዎች ፖታሽ ሊያወጡ መጥተው ሠሩ፤ ከዚያም ትተው ሄዱ። ከጨው ጡብ የታነጹ ቤቶችና የዛጉ ብረቶች ቀሩ። አዘጋጁ የዓለምን ፍጻሜ ለማሳየት አዲስ ከተማ መገንባት አላስፈለገውም፤ ትናንት የተተወውን ፍርስራሽ ማሳየት በቂ ነበር።

ሩዙስ?

አሁን ወደ ፎገራ እንመለስ። ወረታ ዙሪያ የሩዝ ማሳ ይታያል። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ሩዝ ከመቼ ጀምሮ እዚህ እንደሚዘራ ቢጠይቁት «ድሮም የነበረ ነው» ቢልዎት አይፍረዱበት። እርሱ ሲወለድ ደርሶበታል። ታላላቆቹ ግን ሜዳው የወተት ከብት ግጦሽ የነበረበትን፣ ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበትን ዘመን ያስታውሳሉ። ሩዝ በአካባቢው የተስፋፋው በደርግ ዘመን ሲሆን፣ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ከጅግናና ከሻጋ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ሠርተዋል። ኤክስ-ጅግና የሚባለው ዝርያ የዚያችን ቀበሌ ስም እስከ ዛሬ ይዞ ይኖራል።

በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የሆነ ነገር ነው! በአንድ ትውልድ ውስጥ እንጀራችን ከየት እንደመጣ ከተረሳ፣ እምነታችንና የእግዚአብሔር ውለታስ ስንት ዓመት ይቆያል?

ልጆች ሲጠይቁ

በኢያሱ መጽሐፍ ምዕራፍ 4 እስራኤላውያን ዮርዳኖስን ሲሻገሩ አሥራ ሁለት ድንጋዮች እንዲያነሡ ታዘዙ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ልጆች አንድ ቀን ስለ ድንጋዮቹ ይጠይቃሉና አባቶች መልስ ይኑራቸው። ድንጋይ ብቻውን አይናገርም። ከድንጋዩ አጠገብ የሚተርክ ወላጅ ያስፈልጋል። ተራኪ ካልተገኘ፣ ያ ድንጋይ ራሱ ነገ ጣዖት ሊሆን ይችላል።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለችውን ከነዓናዊት እናትም ያስቧት። የለመነችው ፍርፋሪ ነበር። ነገር ግን ፍርፋሪው ከማን ማዕድ እንደሚወድቅ ታውቅ ነበር። በፊልሙ ያሉት ሰዎች ፍርፋሪውን ይዘዋል፤ ማዕዱን ግን ረስተዋል።

ውድ አንባቢ፣ ዛሬ ማታ ከራት በኋላ ከቤትዎ አንድ ዕቃ ያንሡ። የእናትዎ አሮጌ መጽሐፍ ቅዱስ ይሁን፣ ወይም ከወላጆችዎ የወረሱት አንድ ዕቃ። ልጆችዎን ሰብስበው ከየት እንደመጣ፣ በዚያ ዘመን እግዚአብሔር ለቤተሰብዎ ምን እንዳደረገ ይንገሯቸው። እርስዎ ካልነገሯቸው ሌላ ሰው ይነግራቸዋል፤ ወይም ራሳቸው ይፈጥሩታል።